ግልጽ ደብዳቤ፦ መዝገቡ በእናንተ እጅ ነበር፣ ማስረጃ አምጡ የተባልነው እኛ ነን

ለተከበራችሁ የጤናው ዘርፍ ኃላፊዎች፣
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍሎች፣
በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳትን ለምትመረምሩ የሕክምና ቦርድ አባላት፣
በያላችሁበት

ጉዳዩ፦ በኮቪድ-19 ወረርሽኝ ጊዜ በሥራ ላይ ተይዘው የታመሙና የሞቱ ሠራተኞች በሥራ ጉዳት እንዲመዘገቡ ስለመጠየቅ

በዚህ ዓመት ታኅሣሥ ውስጥ፣ በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ደብዳቤዎች ደረሱን። የመጀመሪያው ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም። በኮቪድ-19 ጊዜ በሥራ ላይ ተይዘን ለደረሰብን ጉዳት ያቀረብነው ጥያቄ «በበቂ ማስረጃ ያልተደገፈ በመሆኑ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። ሁለተኛው ሰንጠረዥ አለው። በኅዳር 2018 ጂንካ ላይ ኢቦላን የሚመስለው የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ ለዝግጁነት የተዘጋጀ ነው፤ ወረርሽኝ ቢመጣ ወደ ለይቶ ማከሚያ የሚገቡ ሠራተኞችን ይዘረዝራል። በመጀመሪያው ደብዳቤ ጥያቄያችን ውድቅ ከተደረገብን መካከል የአራታችን ስም በሁለተኛው ላይ ሰፍሯል። በስማችን ትይዩ «የኮቪድ ማዕከል ልምድ ያላት»፣ «የኮቪድ ማዕከል ልምድ ያለው» ተብሎ ተጽፏል።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጠን ብዙ ዝም አልን። ከዚያ አንዱ ባልደረባችን ሳቀ። «ለመግባት ልምድ አለን፣ ለመታመም ግን ማስረጃ የለንም» አለ። ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የወሰንነው ከዚያ ሳቅ በኋላ ነው።

እኛ አሥራ አንድ ነን። አምስት ነርሶች፣ አንዲት አዋላጅ፣ አንድ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ አንድ የአምቡላንስ ሹፌር፣ አንዲት የልብስ ንጽህና ሠራተኛ፣ እንዲሁም ዛሬ በሕይወት በሌሉ ሁለት ባልደረቦቻችን ፈንታ የቆሙ የቤተሰብ አባላት። የመጣነው ከደሴና ከኮምቦልቻ፣ ወደ ወልዲያ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉ ጤና ጣቢያዎችም ጭምር ነው። ተቋማቱን በስም አልጠራንም። ዛሬ ወንበሩ ላይ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ያኔ በቦታው አልነበራችሁም፤ ከነበራችሁትም አንዳንዶቻችሁ ከእኛው ጋር ታማችኋል። የምንጽፈው ሰው ለማሳጣት ሳይሆን ጉዳያችን «ማስረጃ የለም» በሚል አንድ ዐረፍተ ነገር መዘጋት ስለሌለበት ነው።

ከነገሩ መነሻ እንጀምር። በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። እኛም የሁለት ቀን ሥልጠና ወስደን ገባን። የመከላከያ ልብስ እንዴት እንደሚለበስ አንድ ሙሉ ጠዋት ተማርን፤ እንዴት እንደሚወለቅ ግን ምሳ ሰዓት ሲደርስ በችኮላ ታለፈ። በሥራው ያለፈ ሰው ያውቀዋል፤ ትልቁ አደጋ ያለው በማውለቁ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሙሉ ውሃ ሳይጠጣ፣ በላብ ርሶ፣ መነጽሩ በጉም ተሸፍኖ የሠራ ሰው መጀመሪያ ጓንቱን ይሁን ጋዋኑን፣ በየመካከሉ ስንት ጊዜ እጁን እንደሚያጸዳ አይታወሰውም። አጠገቡ ቆሞ «አሁን እጅህን፣ አሁን መነጽርህን» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል። እኛ ጋር ያንን ሥራ የሚሠራው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ነበር።

አየር በጥብቅ የሚያጣራው የኤን95 ጭምብል እጥረት የእኛ ብቻ እንዳልነበረ እናውቃለን። በዚያ ሰሞን ሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀሩ ሲሻሙበት አይተናል። በወረቀት ከረጢት ላይ ስማችንን ጽፈን አንዱን ጭምብል ለቀናት በማድረጋችን ማንንም አንወቅስም። ቅሬታችን ሌላ ነው። ማን ስንት ቀን ባደረገው ጭምብል እንደገባ፣ በየትኛው ፈረቃ ጓንት እንዳለቀ፣ ማን ታማሚ ሲያስል ፊቱ ተገልጦ እንደነበር የሚጻፍበት አንድ ወረቀት አልነበረም። የታማሚው ሙቀት በየአራት ሰዓቱ ይመዘገባል፤ የአስታማሚው ነርስ መጋለጥ ግን አንድም ጊዜ አልተመዘገበም።

ደሴን የማያውቅ ሰው ስለ ብርዱ የምንለውን ላይረዳን ይችላል። አየር እንዲዘዋወር መስኮቱን ክፈቱ ተባልን፤ ልክ ነው፣ መከፈት ነበረበት። ነገር ግን ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የሌሊት ንፋስ ኦክስጅን ላይ ያሉ አረጋውያንን ሲያንቀጠቅጣቸው «ልጄ፣ እባክሽ ዝጊልኝ» ይሉ ነበር። ብርድ ልብሱ ለሁሉም አይበቃም። ዘጋንላቸው። አሁን ደግሞ አንድ የቦርድ አባል «የመከላከያ መመሪያውን ሳትከተሉ ቀርታችሁ ሊሆን ይችላል» ብሎናል። አዎን፣ መስኮቱን ዘግተናል። የዘጋነው ደግሞ ብርድ ልብስ ስላልነበረ ነው።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ።

ከሞቱት ሁለት ባልደረቦቻችን አንዷ የጽዳት ሠራተኛ ነበሩ። ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ሰው ሲሞት አልጋውን፣ ወለሉን፣ የኦክስጅኑን መስመር በበረኪና የሚያጸዱት እርሳቸው ነበሩ። ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ አሥር ደቂቃ፣ ነርሷ አንድ ሰዓት ቢቆዩ፣ እርሳቸው ክፍሉ እስኪጸዳ ይቆያሉ። ጭምብል ሲታደል ግን ኤን95 ለባለሙያ፣ ተራው የቀዶ ጥገና ጭምብል ለጽዳት ተባለ። ከእኛ መካከል በዚያ ቀን የተቃወመ የለም፤ ይህን ስንጽፍ እናፍራለን። በነሐሴ 2012 ማሳል ጀመሩ። «ብርዱ ነው፣ አብሽሩ» ይሉን ነበር። ናሙና ተወሰደላቸው፤ ውጤቱ የመጣው ከተቀበሩ በኋላ ነው። ወሎ ውስጥ ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም እድሩ፣ ሳይደርስ አይቀበርም፤ የእርሳቸውን ጀናዛ ግን የመከላከያ ልብስ የለበሱ ጥቂት ሰዎች አወረዱት፣ የቅሬው ሰዎች ከመንገድ ማዶ ቆመው ዱዓ አደረጉ። ልጃቸው መብታቸውን ስትጠይቅ ሦስት መልስ በሦስት ጊዜ ተሰጣት። መጀመሪያ «ጤና ባለሙያ አልነበሩም»፤ ቀጥሎ «ጊዜያዊ ቅጥር ስለነበሩ አይመለከታቸውም»፤ በመጨረሻም «የሞት መግለጫው የሚለው የሳንባ ምች ነው»።

የመጀመሪያውን መልስ ደግማችሁ አንብቡት። ቫይረሱ የሙያ ፈቃድ አይጠይቅም። በወረርሽኝ ጊዜ ለኢንፌክሽን የተጋለጠ ሠራተኛ ማለት ታማሚው ያለበትን አየር የተነፈሰ ሁሉ ነው፤ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው፣ በሩ ላይ ሙቀት የሚለካው ጥበቃ፣ የታማሚ አንሶላ በእጇ ያጠበችው ጭምር።

ሁለተኛው ሟች በገጠር ጤና ጣቢያ ያገለገለ ጤና መኮንን ነበር። በ2013 ዓ.ም. ሞተ። ስለ እርሱ ብዙ አንጽፍም፤ ባለቤቱ የጻፈችው ሁለት ገጽ በእጃችሁ አለ፣ ከዚያ የተሻለ አንጽፍም።

ይህን ደብዳቤ በሁሉም ስም የማዘጋጀው እኔ ነርስ ነኝ። ቤቴ ዳገት ላይ ነው፤ ደሴ ውስጥ ዳገት ላይ ያልሆነ ቤት ብርቅ ነው። ከመታመሜ በፊት ከፒያሳ ቤቴ ድረስ ዘንቢል ይዤ ሳላርፍ እወጣ ነበር። ዛሬ ሦስት ቦታ እቆማለሁ፤ የማርፍባቸውን ድንጋዮች የሰፈሩ ልጆች ያውቋቸዋል። ልቤ ይመታል፣ ስም ይጠፋኛል፣ የመድኃኒት መጠን ሁለት ጊዜ ካላሰላሁ አላምንም። ከማታ ፈረቃ እንድነሳ ስጠይቅ የሕክምና ቦርዱ የ2012 ዓ.ም. የምርመራ ውጤቴን ዋናውን ቅጂ ጠየቀኝ። ዋናው ቅጂ የነበረው በሆስፒታሉ ነው። በጦርነቱ ሆስፒታሉ ላይ የሆነውን ደግሞ እናንተም ታውቃላችሁ።

የአምቡላንስ ሹፌራችን ነገር አጭር ነው። ከተንታና ከደላንታ በኩል ታማሚ ሲያመጣ፣ በክረምት ዝናብ መስኮት ዘግቶ፣ ሰዓታት የሚፈጅ መንገድ ከሚያስል ሰው ጋር በአንድ መኪና ተጉዟል። ከጀርባው መጋረጃ እንኳ አልነበረም። «ማንን መቼ እንዳመጣህ አስረዳ» ተባለ። የጉዞ መዝገቡ የሚቀመጠው በቢሮው ነበር።

የላቦራቶሪ ባለሙያው ጉዳይ ይከብዳል። ከሰው አፍንጫ ናሙና የሚወስደው እርሱ ነበር፤ ታማሚው ፊቱ ላይ ያስነጥሳል፣ ያስላል። ማደሪያ ስላልተዘጋጀለት ማታ ማታ ወደ አባቱ ቤት ይመለስ ነበር። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለቱም ታመሙ። እርሱ ዳነ፣ አባቱ አልዳኑም። ከኮሚቴው የተሰጠው መልስ «በሽታው በኅብረተሰቡ ውስጥ በስፋት ተሠራጭቶ ስለነበር በሥራ ላይ መያዙን ማረጋገጥ አይቻልም፤ ከገበያ ወይም ከቤተሰብ ሊሆን ይችላል» የሚል ነው። ከአባቱ ሊሆን ይችላል መባሉ ነው። ይህን አንብቦ ለሁለት ቀን ሥራ አልገባም፤ ስለዚያም ደመወዙ ተቆረጠ።

ይህ «ገበያ ላይ ይሆናል» የሚለው መልስ ለአብዛኞቻችን የተሰጠ ስለሆነ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እንፈልጋለን። ጥያቄው ራሱ የማይረባ አይደለም። በእርግጥ እኛም ገበያ እንሄዳለን፣ ሰኞ ገበያ ውስጥ እንጋፋለን፣ ቡና ተጠራርተን እንጠጣለን። እንዲያውም እውነቱን እንናገር፤ አንዳንዶቻችን የተያዝነው ከታማሚው ሳይሆን በተረኛ ክፍል ጭምብላችንን አውልቀን አብረን ምሳ ስንበላ እርስ በርስ ይሆናል። ያስ ቢሆን ሥራ ቦታ አይደለም ወይ?

ነገር ግን ጥያቄው መልስ ያገኘ ጥያቄ ነው። በወረርሽኙ የመጀመሪያ ወራት የስኮትላንድ ተመራማሪዎች የአገሪቱን ጤና ሠራተኞች ከነቤተሰቦቻቸው በመዝገብ ተከታተሉ። ታማሚን ፊት ለፊት የሚያገኙ ሠራተኞች በኮቪድ ሆስፒታል የመግባት ዕድላቸው ታማሚን ከማያገኙ የዚያው የጤና ተቋም ሠራተኞች ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኘ። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ገበያ ይሄዳሉ፣ ሁለቱም አውቶብስ ይሳፈራሉ፣ ሁለቱም ቤተሰብ አላቸው። የሚለያያቸው ታማሚው ብቻ ነው። የቤተሰቦቻቸው ዕድልም ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋ ነበር። በሥራ ዕድሜ ላይ ከነበሩ የሆስፒታል ታማሚዎች ከስድስቱ አንዱ ወይ ጤና ሠራተኛ ወይ የጤና ሠራተኛ ቤተሰብ ነበር። በብሪታንያና በአሜሪካ በስልክ መተግበሪያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሰው የተሳተፈበት ሌላ ጥናትም ጤና ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ መመርመሩን እንኳ ቀንሶ አስልቶ፣ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሕዝብ ከሦስት እጥፍ በላይ እንደነበር አሳይቷል። እነዚያ ሰዎች ሙሉ የመከላከያ ልብስ ያገኛሉ ተብሎ በሚታሰብባቸው አገሮች ነው ይህ የሆነው።

ስለዚህ አባቱ የሞቱበት ልጅ «ከአባትህ ሊሆን ይችላል» ሲባል፣ ቁጥሩ የሚናገረው ተቃራኒውን ነው። አባትየው የተያዙት ከልጃቸው ሥራ የመሆኑ ዕድል ይበልጣል። ልጁ ይህን ያውቃል። እንዲያውም ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳው ይኸው ነው።

ስለ ማስረጃው ጉዳይ አሁን በግልጽ እንነጋገር። ወልዲያ ከነሐሴ 2013፣ ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ ጀምሮ እስከ ኅዳር መገባደጃና ታኅሣሥ መጀመሪያ ድረስ በጦርነቱ ውስጥ የነበሩበትን ሁኔታ ለወሎ ሰው መተረክ አያስፈልግም። የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ የላቦራቶሪ ማሽኖች፣ የኦክስጅን መሣሪያዎች፣ አልጋዎች፣ ኮምፒውተሮች ተወስደዋል ወይም ተሰባብረዋል። ስንመለስ የታማሚ ካርዶች በዝናብ ርሰው ግቢው ውስጥ ተበትነው አገኘን። የፈረቃ ሰሌዳዎቹ፣ የለይቶ ማከሚያው የምዝገባ ደብተር፣ የናሙና መላኪያ ቅጾቹ ከዚያ ውስጥ ነበሩ። ይህን የጻፈ ሪፖርት ከየተቋማቱ ወጥቷል፤ ለመልሶ ግንባታ ድጋፍ የተጠየቀውም በዚያ ሪፖርት ነው። የመዝገቡ መጥፋት ድጋፍ ለመጠየቅ ሲሆን እውነት ነው፤ እኛ ስንጠቅሰው ግን ምክንያት መፍጠር ይሆናል።

በዚያ ላይ ክትባቱም በአግባቡ አልደረሰንም። የመጀመሪያው ሁለት ነጥብ ሁለት ሚሊዮን ያህል ክትባት ወደ አገር የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው፤ ጤና ሠራተኛ ቅድሚያ ተሰጠው፣ ለዚህ እናመሰግናለን። ነገር ግን ህንድ ክትባት ወደ ውጭ መላክ ስታቆም ሁለተኛው መጠን ዘገየ፣ ከዚያም ጦርነቱ ደረሰ። ከእኛ መካከል ሁለተኛውን የወሰዱት ከዓመት በኋላ የሆኑ አሉ። የክትባት ካርዳቸውም እንዲሁ ጠፍቷል፤ እርሱንም አምጡ ተብለዋል።

ሕጉ በእኛ ላይ አይደለም። ያኔ ሥራ ላይ የነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 714/2003ም ሆነ እርሱን የተካው ቁጥር 1267/2014 በሥራ ላይ የሚደርስ ጉዳት ሲሉ መውደቅና መሰበርን ብቻ ሳይሆን በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ያካትታሉ። አከራካሪ የሆነው የማስረዳት ሸክሙ በማን ትከሻ ላይ ይሁን የሚለው ነው። ደቡብ አፍሪካ በዚያው መጋቢት 2012፣ በሽታው በገባ ሰሞን፣ በሥራ ላይ የተያዘ ኮቪድ የሚካስበትን ማስታወቂያ አወጣች፤ ሙያዎችንም በተጋላጭነት ደረጃ ከፋፍላ የጤና ሠራተኛውን ከላይ አስቀመጠችው። እኛ የምንለው ሩቅ አገር ሄደን ያመጣነው ነገር አይደለም።

ደግሞስ ያልተጻፈ ነገር ምን ያህል እንደሚያስከፍል ዓለም ሁሉ ያየው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2012 እስከ ግንቦት 2013 ባለው ጊዜ በኮቪድ የሞቱ ጤና ሠራተኞች ከ80 ሺህ እስከ 180 ሺህ ሊሆኑ እንደሚችሉ ገምቷል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል መቶ ሺህ ሰው አለ። ልዩነቱ የተፈጠረው ሰዎቹ ባለመኖራቸው አይደለም፤ አሠሪዎቻቸው ስላልጻፏቸው ነው። እትዬ ከእነዚያ መካከል ናቸው።

በሌላ በኩል ሩዋንዳን ተመልከቱ። በ2017 መስከረም የማርበርግ ወረርሽኝ ሲነሳባት ከተያዙት 66 ሰዎች መካከል ከመቶ ሰማንያ ያህሉ ጤና ሠራተኞች መሆናቸውን ለዓለም ተናገረች። አሥራ አምስት ሰዎች ሞቱ። ይህን ማለት የቻለችው የተያዙ ሠራተኞቿን ስለመዘገበች ነው፤ በምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ጊዜም ጤና ሠራተኞች ከሌላው ሕዝብ ከሃያ እጥፍ በላይ ይያዙ እንደነበር የታወቀው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ማርበርግ ጂንካ ደርሷል። እናንተም ይህን ስለምታውቁ ነው የስም ዝርዝር ያዘጋጃችሁት። ዝርዝሩ ላይ ማን እንደሚገባ አለ፤ የገባው ቢያዝ ማን እንደሚመዘግበው፣ የት እንደሚታከም፣ ቢሞት ቤተሰቡ ምን እንደሚያገኝ የሚል አንድ መስመር የለም።

ወረርሽኝ እስኪመጣም መጠበቅ አያስፈልግም። ከመካከላችን ያለችው አዋላጅ ባለፈው ዓመት በማዋለጃ ክፍል መርፌ ወጋት። እናትየዋ የጉበት በሽታ ቢ ነበረባት። በዚህ ዓይነት የመርፌ መወጋት ያልተከተበ ሰው የመያዝ ዕድሉ እስከ ከመቶ ሠላሳ ይደርሳል፤ በኤችአይቪ ግን ከሺህ ሦስት ያህል ነው። ለኤችአይቪው መድኃኒት ወዲያው አገኘች፣ ለዚህ ሥርዓት አለ። ለጉበቱ ግን ክትባቱን አልወሰደችም ነበር፤ ስትቀጠር ማንም አልጠየቃትም። ሦስት መርፌ፣ ስድስት ወር፣ አለቀ። የመወጋቷን ቀን የጻፈችበት ብቸኛው ቦታ የገዛ ራሷ ማስታወሻ ደብተር ነው። ነገ ጉበቷ ቢታመም እርሷም ማስረጃ አምጪ ትባላለች።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ከቢሮ ወጣ ያለ ነው። ከማዕከሉ ስንወጣ አከራዮች ቤት ያስለቀቁን፣ ባጃጅ ያላሳፈሩን ነበሩ። ቦሩ ሜዳ የሥጋ ደዌ ሕክምና የተሰጠበትን ዘመን ከአያቶቻችን የሰማን ሰዎች መገለል ምን እንደሆነ እናውቃለን፤ ሕዝቡን አንቀየምም፣ ፈርቶ ነው። ከሕዝቡ ፍርሃት ይልቅ የጎዳን የመሥሪያ ቤታችን ዝምታ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ «እነዚህ ሰዎች በሥራችን ላይ ታመሙብን» የሚል ወረቀት በሰሌዳ ላይ ቢለጠፍ አከራዩ ያነበው ነበር።

የምንጠይቀው ይህን ነው።

በቅድሚያ፣ በኅዳር 2014 እና ከዚያ በፊት በተዘረፉ ተቋማት የነበረ ሰነድ የጠፋበት ሠራተኛ በሁለት የሥራ ባልደረቦች ምስክርነት፣ በደመወዝ መዝገብ፣ በኮቪድ ማዕከል ክፍያ ዝርዝርና በስልክ መልእክት የደረሰ የምርመራ ውጤት ማስረዳት እንዲችል በጽሑፍ ይፈቀድልን። የክፍያ ዝርዝሩ በባንክ በኩል የተላለፈ ስለሆነ ዛሬም አለ፤ ጠይቃችሁ አስመጡት። እኛ ስንጠይቅ ባንኩ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ይፈልጋል።

በለይቶ ማከሚያ፣ በናሙና መውሰድ፣ በአምቡላንስ፣ በታማሚ ክፍል ጽዳትና በልብስ ንጽህና ተመድቦ ሳለ የተያዘ ሠራተኛ በሥራ ላይ እንደተያዘ ይወሰድ፤ አይደለም የሚል አሠሪ እርሱ ያስረዳ። ይህ ለቋሚም ለጊዜያዊ ቅጥርም፣ ለባለሙያም ለድጋፍ ሰጪም ይሁን። የእትዬ ልጅ ጉዳይ በዚህ መሠረት እንደገና ይታይ፤ የሞት መግለጫውም ከተቀበሩ በኋላ በመጣው ውጤት ይታረም።

ከኮቪድ በኋላ የማያቋርጥ ድካምና የትንፋሽ ችግር ያለባቸው ሠራተኞች በአንድ ሐኪም ቡድን ተመርምረው ሥራ ይቀየርላቸው። የላቦራቶሪ ባለሙያው የተቆረጠበት የሁለት ቀን ደመወዝ ይመለስለት። ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ለዚያም ነው ለይተን የጠቀስነው።

ከዛሬ ጀምሮ በየተቋሙ የሠራተኛ መጋለጥ መዝገብ ይከፈት፤ መርፌ የወጋው፣ ፊቱ ላይ ደም የተረጨበት፣ ያለ ጭምብል የገባ ሁሉ በዕለቱ ይጻፍበት፣ አንድ ቅጂ በሠራተኛው እጅ ይቆይ። ሁለተኛ ቅጂ ከተቋሙ ውጭ ይቀመጥ፤ ለምን እንደሆነ በወሎ ማስረዳት የለብንም። አዲስ ተቀጣሪ ሁሉ የጉበት ቢ ክትባቱን ሳይጨርስ ታማሚ አይንካ።

ለዚህ ደብዳቤ በሠላሳ ቀናት ውስጥ መልስ በጽሑፍ እንጠብቃለን። በቃል የሚሰጥ መልስ ከእንግዲህ አንቀበልም፤ ስድስት ዓመት ሰምተነዋል።

በዝግጁነት ዝርዝሩ ላይ ያለነው አራታችን ስማችን ይውጣ አላልንም። ከተጠራን እንገባለን። ሰንጠረዡ ላይ ግን «ልምድ» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ አንድ ዓምድ ይጨመርበት፦ «በሥራ ላይ የተያዘበት ቀን»። የእኛን እኛው እንሞላዋለን፤ ቀኑን አንረሳውም።

ከሰላምታ ጋር

የቀድሞ የኮቪድ ለይቶ ማከሚያ ነርስ
በሥራ ላይ የተያዙ የወሎ ጤና ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው አስተባባሪ
ደሴ፣ የካቲት 2018

ግልባጭ፦
ለየተቋማቱ የሠራተኛ ተወካዮች
ለሟች የጽዳት ሠራተኛ ልጅ
ለሟች ጤና መኮንን ባለቤት